አንድ ስንዝር

«ሃያ ሦስት ሴንቲ!» አለች ቀያሿ መስከረም።

መለኪያውን አለቱ ላይ ከተቀረጸው ሁለተኛ የመፈተሻ ነጥብ አንስታ እንደገና አሳረፈችው። ያንኑ ቁጥር መለሰላት። ከታች ወንዙ ዳር ኮንክሪት የጫኑ ሁለት መኪኖች እየተሽከረከሩ ይጠብቃሉ። የድልድዩ መሠረት ብረት የታሰረው፣ ጣውላው የቆመው እሷ ማክሰኞ በተከለቻቸው ችካሎች ልክ ነው። ያን ዕለት ከስሜን በኩል ጉም ወርዶባት፣ ይህን ሁለተኛ ነጥብ ሳትፈትሽ ነበር ሥራ የጀመረችው። ለደባርቅ ልጅ ጉም ምክንያት አይሆንም።

የሳይቱ መሐንዲስ ያርጋል ደወለ።

«እንጀምር?»

«እንዳይሞላ! አንድ ስንዝር ተዛንፏል።»

«ኮንክሪት እኮ ነው፤ እንደ ድፍድፍ አይቆይም! ለአንድ ስንዝር ድልድይ አይወድቅም።»

«የማዶው መሠረት ተሞልቷል፤ የድልድዩ ብረት በልኩ ተቆርጦ መጥቷል። ያርጋል፣ አይገጥምም!»

ስልኩን ዘግታ ወደ ኮረብታው ሮጠች። ቤዝ የሚሉት ጂፒኤስ በሦስት እግሩ የቆመው እዚያ፣ ገብስ ማሳ ዳር በተቀበረች የኮንክሪት ምልክት ላይ ነው። ያቺ ምልክት ከተነቃነቀች የሳይቱ ልክ ሁሉ አብሯት ይሄዳል። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ሥራውን ያገኘችው ሁለት ዓመት ፈልጋ ነው።

ጎንበስ ብላ አየች። በምልክቷ ዙሪያ አፈሩ አዲስ ነው፤ ጠጠር በጥንቃቄ ተጠቅጥቆበታል።

የማሳው ባለቤት አያ እንግዳው በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ።

«አያ እንግዳው፣ ይቺን የነካት ሰው አለ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሰኞ ማረሻው ገባበትና ተነቀለ፣ ልጄ። ድንበር የነቀለ ርጉም ነው ይላል መጽሐፉ። እንቅልፍ አጣሁ። ከዋናው ድንበር በእርምጃ ቆጥሬ፣ ጸሎት አድርጌ መለስሁት። አንዲት ጣት ለራሴ አልገፋሁም!»

በእርምጃ ቆጥሮ በስንዝር ብቻ መሳት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስመሰግን ነው። መስከረምን ግን ማልቀስ አማራት።

«ሳትኩ እንዴ?»

«ትንሽ። እርግማን የለበትም፣ አባቴ። ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ ይንገሩን።»

ያርጋል እያለከለከ ደረሰ። የሥራ ማስቆሚያ ቅጽ ይዟል።

«ሁለት መኪና ኮንክሪት ሊደፋ ነው! ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው።

ያርጋል መስከረምን ወደ ጎን ሳብ አደረጋትና ድምፁን ቀነሰ። «በቃ፣ ተገላገልሽ። ምክንያቱ ላይ ስማቸውን ጻፊ። ከወረዳው ጋር ድርጅቱ ይነጋገራል፤ አንቺን የሚነካሽ የለም።»

ቅጹን ተቀበለችው። አያ እንግዳው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የሚጻፈውን እንደ ፍርድ ይጠብቃሉ። ፈራች፤ በጣም ፈራች። እናቷ ትናንት ማታ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ቋሚ ልትሆን ነው» ስትል ሰምታታለች።

ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። ያርጋል በትከሻዋ በኩል አነበበ። «ምልክቱ ሰኞ ተነቅሎ ተመልሷል። ማክሰኞ ሁለተኛውን ነጥብ ሳልፈትሽ ችካል ተክያለሁ። ብፈትሽ ኖሮ ይታወቅ ነበር።»

«አብደሻል? የጥፋተኛው ስም የታለ?»

«ከታች አለ» አለችና ፈረመች።

ከዚያ የቤዙን እግሮች አጥፋ ተሸከመችና፣ ባልተነካው ነጥብ ላይ አቁማ እንደገና ልትለካ ወደ አለቱ መውረድ ጀመረች።