እንደወረደ ተናገሪ

«ቁረጥ! ቁረጥ! ማዘር፣ አሁንም ዜና አነበብሽብኝ!»

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑን መታበት። ልጅ እግር ነው፤ ጢሙ ገና አቅጣጫ አልያዘም፣ ጩኸቱ ግን የጄኔራል ነው። ጠራጊዋ መጥረጊያዋን እንደ ጦር አቁማ ከመፍተያው ማሽን ፊት ቆማለች። ማሽኑ አይሠራም። እሳቱ ከተነሳ ወዲህ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ የዞረ ማሽን የለም፤ ለፊልሙ ሲሉ ብቻ ከጀርባዋ መብራት ለኩሰውበታል።

«ምን አልኩ ደሞ?» አለች።

«‹በዕለቱ የኋላው በር ክፍት የነበረ ሲሆን› አልሽ። እስቲ አሁን ማነው ቤቱ ገብቶ ‹የነበረ ሲሆን› እያለ የሚያወራ? ባልሽን ‹እራቱ የቀረበ ሲሆን› ትይው ነበር?»

ካሜራማኑ ሳቀ። የሷም ሳቅ መጣና ጉሮሮዋ ላይ ያዘችው። ባሏ በሕይወት ኖሮ እንዲያ ብትለው ሐኪም ቤት ይወስዳት ነበር።

«እንደወረደ በይው» አላት ዳይሬክተሩ፣ ጠጋ ብሎ ትከሻዋን እየዳበሰ። «እንደወረደ! አፍሽ ላይ እንደመጣልሽ፣ ሳትቀባቢ፣ ሳታሳምሪ። ጎረቤትሽ ጋ ቁጭ ብለሽ እንደምታወሪው።»

ይሄ «እንደወረደ» የሚሉት ነገር በሷ ሰፈር እንኳን ሙገሳ ሊሆን፣ ስድብ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሙሽራ ፊት ቆማ «ቀሚሱስ ያምራል፣ ልጅቷን ግን ምን ነክቷት ነው የከሳችው?» ያለች ሴት ናት። አከራይዋ አዲስ ጥርስ አስተክሎ ሲመጣ «ይሄ ሁሉ ጥርስ ያንተ ነው?» ብላዋለች። ሰው ስሟ ሲነሳ «እሷማ እንደወረደ ናት» ይላል፤ ሲልም ከንፈሩን ጠመም ያደርጋል። ያልተገራች፣ ወንፊት ያላየች ማለቱ ነው። ክፉ ናት ግን የሚላት የለም። ውሸታም ናት የሚላትም የለም።

አሁን ቃሉ ቀን ወጣለት። የፋብሪካው ፐርሶኔል ኃላፊ ትናንት ቢሮው ድረስ አስጠርቶ ወንበር ሰጣትና «እኛ ሱፍ ለብሰን ብንናገር ማን ያምነናል? እንደ እርስዎ ያለ፣ እንደወረደ የሚናገር ሰው ነው የሚፈለገው» አላት።

እርስዎ! «አንቺ፣ እዚህ ጋ ቆሽሿል» ሳይላት ቀን መሽቶለት የማያውቅ ሰውዬ። አንቱ ሲላት ማን ገባ ብላ ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥጥ መጋዘኑ ተቃጥሎ ሦስት ሠራተኛ ልጆች ሞተዋል። ፋብሪካው «የኋላው በር ክፍት ነበር፤ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዕቃቸውን ሊያመጡ ተመልሰው ገብተው ጭስ ጣላቸው» አለ። ጨርቁን የሚገዙት ሰዎች አላመኑም። ካላመኑ አይገዙም፣ ካልገዙ ፋብሪካው አይከፈትም፣ ካልተከፈተ ሰፈሩ በሙሉ እጁን አጣምሮ መቀመጡ ነው። እና አንድ ሰው፣ ከሠራተኛው መሀል፣ በሩ ክፍት ነበር ይበልላቸው።

«ልጅዎ ቀለም ክፍል አይደለች?» አላት ፐርሶኔሉ። «አራስ ናት ሲሉ ሰማሁ። ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ሰኞ።»

አራስ ናት፣ እውነት ነው። ባሏ ሥራ ፈትታ ሲያያት ሆድ ባሰውና ወጥቶ ቀረ። አሁን ጨቅላዋን ታቅፋ እናቷ ቤት ተኝታለች፤ የሚበላው እየሳሳ ሲሄድ ጡቷም አብሮ እየነጠፈ ነው። ልጁ ሌሊት የሚያለቅሰው በለቅሶ አይደለም፣ በሲቃ ነው።

በሩ ግን ተቆልፎ ነበር። ይሄን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ልጆቹ ልቃቂት ክር ቀሚሳቸው ሥር ወሽቀው ይወጣሉ ተብሎ፣ ፈረቃው ከገባ በኋላ የኋላው በር ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ፐርሶኔሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ጠራጊዋ ጓሮ ነበረች። ልጆቹ በሩን ከውስጥ ሲደበድቡት ሰማች። ዘበኛው ጋ ሮጠች፤ ዘበኛው ፐርሶኔሉ ጋ ሮጠ፤ ፐርሶኔሉ ስብሰባ ላይ ነበር። ቁልፉ ሲመጣ በሩን የሚመታው የለም።

ይሄን በር ነው ክፍት ነበር በይ ያሏት። አልልም ብላ እንዳይመስላችሁ። ልትለው ቆርጣ ነው የመጣችው፣ ለልጇ ስትል። አፏ ነው እምቢ ያላት። ከራሷ ቤት ውሸት ስታጣ ከሬድዮ ትበደራለች፤ ከሬድዮ ስትበደር ደግሞ «የነበረ ሲሆን» ይመጣል።

የለበሰችው ራሱ አልሆነላቸውም ነበር። ለክብር ቀን የምታስቀምጠውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ብትመጣ፣ አንዲት ጥፍሯን የተቀባች ልጅ «ውይ፣ ይሄማ ድግስ መሰለ» ብላ አስወለቀቻት። የተቀደደ ጋዋን አለበሰቻት። እሱም አልበቃት ብሎ ከጥግ የጥጥ ብናኝ ዘግና ትከሻዋ ላይ ነሰነሰችባት። ዕድሜዋን ሙሉ ከላይዋ ስታራግፈው የኖረችውን!

«አሁን ሠራተኛ መሰልሽ» አለቻት።

«ሠራተኛ ነኝ እኮ።»

«አዎ፣ ግን አይታይም ነበር።»

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። ባዶ የክር ሣጥን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እሺ፣ በሩን ተይው» አላት ድምፁን አለስልሶ። «ትንሽ እንጫወት። ከሞቱት ልጆች የምታውቂያት አለች?»

«ቀጮን አውቃታለሁ። ከናቷ ጋር የሚለየን ግድግዳ ነው።»

«እንዴት ያለች ናት?»

«ቀጮ? ኧረ ተወኝ!» አለች። መጥረጊያውን ደገፍ አለችው። «አጥንትና ሳቅ ነበረች እኮ። እናቷ የሰው ልብስ ነው የምታጥበው። ልጅ ሆና አንዴ አንሶላው መሀል ሳፋው ውስጥ ገብታ ቁጭ! እናትየው አንሶላው መስሏት ልትጨምቃት! ‹እማ፣ እኔ ነኝ፣ አታስጪኝ› አትልም? አድጋም ያው ናት። ባለፈው መጥረጊያዬን ሰርቃ የጥበቃውን ካፖርት አለበሰችውና በር ላይ አቆመችልኝ። ‹እትዬ፣ ባል አመጣሁልሽ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አይጠጣም› አለችኝ።»

ካሜራማኑ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። ዳይሬክተሩ ከጉልበቱ በታች በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ካሜራዋ ላይ ቀይ ነጥብ በራች። ጠራጊዋ አላየችም። ቀጮን እያየች ነበር።

«ከሥራ ስትወጡስ?»

«ስንወጣማ ድሮ በጓሮ በኩል ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ ይወጣሉ። አንቺ ወዴት ነሽ የሚላቸው የለ። ቀጮ ሁልጊዜ ፊት ናት። ኋላ ቀርታ አታውቅም እኮ፣ ያቺ ልጅ…» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። በጋዋኑ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች፤ ብናኙ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ይብሱን አለቀሰች።

«ቁረጥ! አገኘናት!»

ሰዉ አጨበጨበ። ጥፍሯን የተቀባችው ልጅ ራሷ እንባዋን እየጠረገች ታጨበጭባለች።

«ምኑን ነው ያገኛችሁት?» አለች ጠራጊዋ።

«‹በሩ ክፍት ነበር፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ ይወጣሉ።› እንዴት እንዳልሽው ብትሰሚው! ድንጋይ ያምንሻል።»

«ድሮ ነው እኮ ያልኩት። ሳይቆለፍ በፊት።»

«ድሮዋን እንቆርጣታለን። ለምን ትጨነቂያለሽ?» ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ፤ ደክሞት ነው። «አየሽ፣ እንደወረደ ማለት ይሄ ነው። አሥር ተዋናይ ብቀጥር ይቺን እንባ አላገኛትም።»

ጠራጊዋ ወደ ፐርሶኔሉ ዞረች። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ልጅሽ ሰኞ ትግባ» አላት።

አንቱታው ከመብራቱ ጋር አብሮ ጠፋ።

አፏን ከፈተች። ሊወጣ የመጣውን ነገር ከንፈሯ ላይ አድርሳው ነበር፣ ጨቅላው ታያት። ያ ሲቃው። አፏን ዘጋች። አፏ ላይ የደረሰ ነገር ስትውጥ በዕድሜዋ ያኔ ገና መጀመሪያዋ ነው፤ እንደ አጥንት ነው የወረደላት።

በፋብሪካው መኪና ወደ ቤቷ ሸኟት። ሰማያዊ ቀሚሷን ፌስታል ውስጥ ከትታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ መልሳ ልትለብሰው አላሰኛትም። ሾፌሩ ወሬ የሚወድ ነው።

«ማዘር፣ ታዋቂ ልትሆኚ ነው። ነገ ይለቁታል አሉ።»

«የት?»

«በየስልኩ ነዋ! ስልክ ያለው ሁሉ ያይሻል። ጉድ እኮ ነው፣ እኔ ራሴ በሩ ተቆልፎ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አሁን አንቺ ስትናገሪ ብሰማ፣ እሷማ አትዋሽም ብዬ…» ወደ ጎን አያት። «ተቆልፎ ነበር እንዴ?»

«መንገዱን እይ» አለችው።

አየ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ መንገዱ አልታያትም። የቀጮ እናት ናት የታየቻት። ለቀጮ ስልክ የገዛችላት እናቷ ናት። «ዕቃቸውን ሊያመጡ ተመልሰው ነው» የተባለ ቀን «ስልኳን ነው! እኔ ነኝ የገደልኳት!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች፤ እስከ ዛሬ አልተነሳችም ቢባል ይቀላል። ሊያጽናናት የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ያውቅና፣ እሷ «ምነው ባልገዛሁላት» ስትል ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ሥራውን እያሰበ። ጠራጊዋም ጣሪያ ስታይ ነው የከረመችው። እስከ ዛሬ ግን ዝም ማለት ነበር። ከነገ ጀምሮ የፋብሪካውን ወሬ ያላመነች እንደሆነ እንኳ «ጎረቤትሽ አፍ አውጥታ ተናገረች» ይሏታል። ያን ጊዜማ ታምናለች። ጎረቤቷ አትዋሽማ።

«ደረስን» አለ ሾፌሩ።

ወረደች። የራሷን በር አልፋ ሄደች።

የቀጮ እናት ደጇ ላይ ሳፋው ፊት ተቀምጣለች። የሰው ሸሚዝ ውኃ ውስጥ ነክራ ይዛዋለች እንጂ አታጥብም። አረፋው ጠፍቷል፤ ውኃው ቀዝቅዟል።

«ምን ሆነሽ ነው ብናኝ በብናኝ የሆንሽው?» አለቻት ቀና ብላ። «ሥራ ተጀመረ እንዴ?»

«አልተጀመረም። ሰኞ ነው መሰለኝ።»

«ይጀመር፣ እሰየው። ያንቺም ልጅ ትግባ፣ ያ ሕፃን ይብላ እንጂ።» ሸሚዙን አገላበጠችው። «ቀጮም እኮ ሰኞ ትገባ ነበር። ያን ስልክ ባልገዛላት ኖሮ…»

«ስልኩን ተዪው።»

«እንዴት አድርጌ ልተወው? አንቺ ብትሆኚ ትተዪዋለሽ?»

«ተዪው አልኩሽ። አልተመለሰችም ቀጮ።» ጠራጊዋ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። «ለመመለስ እኮ መጀመሪያ መውጣት ነው። ማንም አልወጣም።»

የቀጮ እናት እጇ ውኃው ውስጥ ደረቀ። «ምን?»

«ዛሬ ፋብሪካ ወስደውኝ ስለሷ ስቀባጥር ዋልኩ። ነገ በየሰዉ ስልክ በሩ ክፍት ነበር ስል ትሰሚኛለሽ። ድምፁም የኔ ነው፣ እንባውም የኔ ነው።»

«አልገባኝም፣ እትዬ። ምን እያልሽ ነው?»

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ የጠራጊዋ ልጅ ድምፅ መጣ። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቷት አያውቅም።

«እማ! አንቺ ነሽ? ፐርሶኔሉ ደወለልኝ! ሰኞ ግቢ አለኝ እኮ! እማ! ትሰሚኛለሽ?»

ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። የቀጮ እናት ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ጎረቤቷን አየች።

«እማዬ?» አለች ልጇ።

ጠራጊዋ ሳፋውን ገፋ አድርጋ የቀጮ እናት ፊት ቁጢጥ አለች፤ እርጥብ እጇን ከውኃው አውጥታ ያዘችው።

«በሩን ከውጭ ቆልፈውት ነበር» አለች፣ ግድግዳው ማዶ እስኪሰማ። «ስትደበድበው ሰምቻታለሁ።»