አሥራ አንድ የተበላሹ ሐዲሶች

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ከነበራቸው ሰዎች መካከል ቀሚስ የምለብሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሙያውን የቀሰምኩት አንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዘንድ ወለል ስጠርግ ነው፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ካሜራውን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዳኛውን፣ ሙሽራውን፣ ቄሱን ከነመስቀላቸው፣ የማክሰኝቱን እህል ነጋዴ ከነበቅሎው አንስቻለሁ። በቅሎዋ እንኳ ዓይኗን ሳታርገበግብ ቆማልኛለች።

እምቢ ያለኝ ወንድሜ ሐዲስ ብቻ ነው። "አትንቀሳቀስ" ስለው ምላሱን ያወጣል። "ዓይንህን ግለጥ" ስለው ይጨፍናል። አንድ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶኝ "በዚህ በኩል ነው የማምረው" አለኝ። አንዴ ደግሞ ልክ የካሜራውን ቁልፍ ስጫን ብድግ ብሎ ሮጠ፤ ፎቶው ላይ የወጣው ባዶ ወንበርና አንድ ነጭ ጉም ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አበላሸብኝ። ፊልሙ ከአዲስ አበባ በስንት ደጅ ጥናት የሚመጣ ነበርና በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

በእኛ ሰፈር የሟች ፎቶ ካለ ለቅሶው መሃል ከፍ ተደርጎ ይያዛል። እናቴ ወለተ ሚካኤል ከሙሾው መሃል ዘወር ብላ "ፎቶውን አምጭው" አለችኝ። የከተማው ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ፤ ምላሱን ያወጣ ሟች ይዤ በካህናት ፊት ልቁም? ሮጬ ፎቶ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ከፊልሞቹ አንዱ ላይ ደህና ፊት ቢገኝ ብዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳጥብና ሳትም ዋልኩ። አልተገኘም። ስመለስ ተቀብሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ፎቶ ቤቴን አልረገጠችም፤ እኔንም ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። ቀሐ ሰፈር ያለው ቤቷ ስሄድ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ከዚያ ወደ ድመቷ ዞራ "እንግዳዋ ጠገበች?" ትላታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በድመት አስተርጓሚነት ኖርን።

በሦስተኛው ሙት ዓመት ነገሩ መረረኝ። አሥራ አንዱንም ብልሽት በትልቁ አትሜ የፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። አዲስ አበባ ሥዕል ሰቅለው ሕዝብ እንዲያይ በር እንደሚከፍቱ ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነበር። "እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሐዲስን ፎቶዎች መጥታችሁ እዩልኝ" ብዬ በየቤቱ ላክሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር እናቴ እንድትመጣ ነበር የፈለግሁት።

የጎንደር ሰው የሟች ፎቶ ተሰቅሏል ከተባለ ለማየት ብሎ አይመጣም፤ ለቅሶ ሊደርስ ነው የሚመጣው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በድስት ተሸክመው ደጄ ላይ ዋይታቸውን ለቀቁት። ክፈፎቹን የሠሩልኝ አናጢው አያ ነጋ፣ ሲቸነክሩ ሰንብተው ምንም ያላላቸው ሰውዬ፣ አሁን ደረታቸውን ይደቃሉ።

"አያ ነጋ፣ እንድታዩ ነው እኮ የጠራኋችሁ" አልኳቸው።

"እያየሁ ነው የማለቅስ፣ ልጄ" አሉኝ።

እናቴ ከሁሉም ኋላ ገባች። ማንንም ሳታይ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሙሾ አውራጇ እንኳየሁ ደግሞ ምላሱን ባወጣው ሐዲስ ፊት ቆማ ጀመረች፦

"ጋሻውን ሲያነሳ የሚሸሸው ጦር፣
አንበሳው ሐዲስዬ ተኛ ወይ ባፈር።"

ሕዝቡ ወየው ሲል እናቴ ቀና አለች።

"እንኳየሁ፣ ምነው ትዋሻለሽ?" አለች። "የምን ጦር? የኔ ልጅ የጎረቤት አውራ ዶሮ ፈርቶ በጓሮ ነበር የሚወጣ።"

እንኳየሁን በሙያዋ የነካት ሰው አልነበረምና "ታዲያ ምን ልበል?" አለች ኩርፍ ብላ።

"ያየሽውን በይ። ምላሱን አውጥቶ የለ?"

አያ ነጋ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ የሚያቆመን ጠፋ። አንዷ ማሕሌት ላይ እንዴት አስቋት ከቤተ ክርስቲያን እንዳስወጣት ተናገረች፤ አንዱ መቋሚያውን ደብቆበት ሦስት ቀን ፍለጋ ሲያንከራትተው እንደሰነበተ አወራ። እንኳየሁም ንፍሮ እየቆረጠመች ስለ አውራ ዶሮው ሌላ ግጥም ገጠመች። ከአንበሳው በጣም የተሻለ ነበር።

እናቴ ተነስታ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

"ምነው ያን ቀን ደበቅሽብኝ?"

"አፈርሁ፣ እማ። አንድም ሸጋ ፎቶ አልነበረኝም። የተቀየምሽኝም ለዚሁ እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ለፎቶ?" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሕዝቡ ሁሉ ከቦኝ እኔ በዓይኔ የምፈልገው አንችን ነበር። ልጄን ብቻዬን ቀበርሁት። አንች በር ዘግተሽ ወረቀት ታጥቢያለሽ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ባላጠፋሁት ስጸጸት፣ ያጠፋሁትን ሳላውቀው ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀስኩም፤ ሁልጊዜ የሚታጠብ ወረቀት አላጣም። አሁንም ቢሆን እጄ ሳላስበው ወደ ካሜራው ሄደ፤ ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ያምር ነበርና። እናቴ እጄን ቀብ አደረገችው።

"ተይው እሱን። ነይ ተቀመጭ።"

አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ። ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ ወንድሜን አለቀስኩት።