የተኮማተረው ቫዮሊን

የከተማው የባህል ቡድን ለቀድሞ ሙዚቀኞች ካባ አለብሳለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጋሸ በላቸው በቀር ማን ይጠራል? እሑድ አዳራሽ ይገኛል፣ ካባውን ይለብሳል፣ አንድ ዜማም ይጫወታል ተባለ። ሚስቱ የብርጓል ወሬውን ለጎረቤት አዳረሰችው። ይገባታል። አባቷ "መሬት የሌለው ሰው ልጄን አያገባም" ብለው በላቸውን ካባረሩት በኋላ፣ ልባቸው የራራው የጦር ሠራዊቱ ባንድ ቫዮሊን ተጫዋች እንደነበረ ሲነገራቸው ነው። እሷም ከሮብ ገበያ ከተማ እስከ ቁይ ዕድሜዋን ሙሉ አፏን ሞልታ ያወራችው ይህንኑ ነው።

ቫዮሊኑ ግን ከሣጥን ሲወጣ ሆዱ የተሰነጠቀ፣ ክር የሌለው፣ አይጥ የወለደችበት ሆኖ ተገኘ። ገዳሙ ለሚባል አናጢ ተሰጠ። የገዳሙ ሥራ በር፣ መስኮትና የሬሣ ሣጥን ነው። ቫዮሊን ዐይቶ አያውቅም፤ አላውቅም ማለትንም አያውቅም። ስንጥቁን ቆዳ ቀቅሎ ባወጣው ሙጫ ደፈነ፣ መምቻውን በፈረስ ጭራ አደሰ፣ ለክሩ አዲስ አበባ ላለ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ደወለ።

"መጠኑ ስንት ነው?" አለ ነጋዴው። "ቫዮሊን እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ባለቤቱ አገጩ ሥር ያድርገውና ክንዱን ይዘርጋ። ጫፉ መዳፉ ላይ ካረፈ ልኩ ነው።"

በላቸው ክንዱን ዘረጋ። የቫዮሊኑ ጫፍ መዳፉን ሊነካ ቀርቶ የእጁ አንጓ ጋ እንኳ አልደረሰም። ገዳሙ አየ፤ የብርጓልም አየች።

"ብርድ ነው" አለ በላቸው ፈጠን ብሎ። "የጮቄ ተራራ ቁር ስንት ዘመን ሲነፍስበት ኖሮ! ተኮማተረ እኮ።"

ሌላ አናጢ ቢሆን ይስቅ ነበር። ገዳሙ ግን የበላቸውን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። እሱ የሠራው በር ሁሉ ከመቃኑ ያንሳል፤ ድመት በክፍተቱ ትገባለች፣ ትወጣለች። ልክ አያውቅም እያለ የማያማው ሰው የለም።

"ብዬ ነበር!" ብሎ ጮኸ። "እንጨቱ ነው የሚያጥር፣ እኔ አይደለሁም! ጋሸ በላቸው፣ እግዜር ይስጥዎ!"

ወሬው ገበያ ደረሰ። በማግስቱ የገዳሙ ደጅ በተኮማተረ ዕቃ ተሞላ። ቀንበር አጠረብኝ ያለ መጣ፤ አልጋው እግሬን አላስዘረጋ አለኝ ያለም መጣ። አንድ ሽማግሌ ሚስታቸውን ይዘው መጥተው "እሷም እንዲህ አልነበረችም" አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ይኼኛው እያደር ነው የደፈረሰው።

በመጨረሻ አንዱ "የበላቸው ክንድ ረዝሞ ቢሆንስ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ነው። ሸማ በክንድ ሲለካ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ እንደሚሄድ፣ ሻጭም ክንደ አጭሩን እንደሚያቆም ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ክንድ እየተቀያየረ ይለካ ተባለ። በገበያ ቀን ገዢ የሚሻማበት ቢያድግልኝ የሚባል ክንደ ረጅም ሰው ክንዱን ሲዘረጋ የቫዮሊኑ ጫፍ ክንዱ መካከል ላይ ቀረና ሕዝቡ "ወይ ጉድ!" አለ። ከዚያ ሸማ ሻጩ ሞከረ፤ ከዚያ ሽማግሌው፤ ከዚያ አጥራለች የተባለችው ሚስታቸው። ጫፉ ከማንም መዳፍ አልደረሰም። አባቷን ምሳ ልትጠራ የመጣችው የገዳሙ ትንሽ ልጅ ሂዊ ክንዷን ስትዘረጋ ግን ጫፉ መዳፏ ላይ ዐረፈ።

"ይኸው!" አለ ገዳሙ። "የልጅ እስኪሆን ድረስ ተኮማትሯል!" ሕዝቡ አጨበጨበ። ገዳሙም ለልጅ ቫዮሊን የሚሆን ክር አዘዘ።

የብርጓል አላጨበጨበችም። ይህ ዕቃ ድሮም የልጅ ነው። ታዲያ የኮራችበት ባሏ ማን ነው? እሑድ በሰው ፊት ካባ ሲለብስ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ ቢያዋርደውስ? ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አላስችል አላት።

"ከማን ልጅ ነጥቀህ ነው?"

"ከማንም" አለ በላቸው። "የራሴ ነው።" መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እናት አባቴ ሲሞቱ ወታደሮች ከደብረ ኤልያስ ወስደው ጦር ሰፈሩ የልጆች ባንድ ውስጥ አስገቡኝ። እንጀራ ነበር፣ አልጋ ነበር። በየፋሲካው አስተማሪው አሰልፎ ክንዳችንን በቫዮሊኑ ይለካል። ክንዱ ያለፈ ትልቅ ቫዮሊን ይሰጠዋል። ትልቅ ከሌለ ወደ አገሩ ይሸኛል። እኔ እንዳላድግ ብዬ ምሳዬን ለውሻ እሰጥ ነበር፤ ክንዴን በመቀነት አስሬ እተኛ ነበር። አደግሁ፣ የብሬ። ትልቅም አልነበረም። ይኸን የተሰነጠቀውን አስታቅፈው አውቶቡስ ላይ ጫኑኝ።"

የብርጓል ልትቆጣው ነበር። ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። የተራበ ልጅ እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም።

"ታዲያ ብርድ ነው ያልኸው ለምንድን ነው?"

"ስላደግሁ ተባረርሁ ይባላል?"

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ገዳሙ ለማስረጃ ይሆነኛል ብሎ አንድ በር ተሸክሞ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ካባው ተደረበ። አስተዋዋቂው "በጦር ሠራዊቱ ባንድ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ ቫዮሊናቸው እንኳ በዘመን ብዛት የተኮማተረ አባታችን!" አለ።

በላቸው ማይክሮፎኑን ያዘና የብርጓልን ፈለጋት። ፈገግ አለችለት።

"ቫዮሊኑ አልተኮማተረም" አለ። "እኔ ነኝ ያደግሁት። ልጅ ነበርሁ፤ አደግህ ብለው ሸኙኝ። አገልግያለሁ ያልሁት ውሸት ነው።"

ገዳሙ በሩን እንደያዘ ብድግ አለ።

"የኔስ በሮች?" አለ ገዳሙ።

በላቸው ያችን ትንሽ ዕቃ አገጩ ሥር ወሸቃት። ወፋፍራም ጣቶቹ እየተደራረቡ ልጆች የሚማሩትን ቀላል ዜማ ጀመረ። መጀመሪያ ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ ተቃና፣ ከፍ አለ፣ ዜማው መካከል ሲደርስ ግን ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አስተዋዋቂው የረሳ መስሎት ጎንበስ አለና "ይቀጥሉ እንጂ፣ አባቴ" አለው።

"ከዚህ በኋላ ያለውን ገና አላስተማሩኝም ነበር" አለ በላቸው።