አላዛውርም

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆና ስትሾም ርዕሰ መምህሩ የነገራት ነገር አጭር ነበር፤ "ዘንድሮ አማካይ ውጤታችን ከፍ ማለት አለበት። እንዴት የሚለው ያንቺ ጣጣ ነው።"

እሷም ከራሷ ጀመረች። ባልደረቦቿን "ኑና ሳስተምር እዩኝ" ብላ ከኋላ አስቀመጠቻቸው። ክፍልፋይ ስታስረዳ ተማሪው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥያቄ ስትሰጥ ግን እርስ በርሱ ይተያያል። ሲወጡ፣ ቁጡ በመሆናቸው ተማሪዎቹ "ጋሽ መብረቅ" ያሏቸው አንጋፋው መምህር፣ "አንቺ ልጅ፣ ለራስሽ ነው እንዴ ያስተማርሽው?" አሏት።

ክው አለች። ቢሆንም ወንበር ሳበችላቸውና፣ "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?" አለቻቸው። እስኪመሽ ተጨቃጨቁ።

ከዚያ ወዲያ አንዱ የሌላውን ክፍል ማየት፣ ያልተሳካውንም ትምህርት አብሮ እንደገና ማቀድ ልማድ ሆነ። ጋሽ መብረቅ ብቻ "በስተርጅና ልፈተን?" እያሉ አንገራገሩ። ኋላ ግን እሳቸውም በራቸውን ከፈቱ። ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ የምታንቀላፋ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "አልገባኝም" ስትል፣ መቆጣቱን ትተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

ፈተናው ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ ኃላፊዋን ቢሮው ጠራት።

"ደካሞቹን ተማሪዎች ወደ ማታው ትምህርት አዛውሪያቸው። ወደ ታች የሚጎትቱን እነሱ ናቸው፤ የማታው ውጤት ደግሞ ከእኛ ጋር አይደመርም።"

"አላዛውርም።"

"ምን አልሽ?"

"ገና አሁን ነው መጠየቅ የጀመሩት። ቁጥሩ እንዲያምርልዎ ብዬ አላባርራቸውም።"

"እንግዲያው ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

"ይስጡት። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ።"

በማግስቱ ጋሽ መብረቅ ተሾሙ። እሺ ማለታቸውን ስትሰማ፣ በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፊቷን አዞረችባቸው።

"አኩርፊ፣ ግዴለም" አሏት፤ "እምቢ ብል ኖሮ 'አቤት ጌታዬ' የሚል ይሾምብን ነበር። አሁን ከቢሮው መምጣቴ ነው። እኔም አላዛውርም አልኩት።"

"ምን መለሰልዎ?"

"ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ለጩኸትማ ማን ይችለኛል!"

ሌሎቹ መምህራንም ተከታትለው ቢሮው ገቡ፤ ሹመቱን ለማንም ቢሰጥ መልሱ ያው እንደሆነ ነገሩት። በመጨረሻ ተወው።

ልጆቹ ሁሉ ለፈተና ተቀመጡ። አማካዩ ርዕሰ መምህሩ የተመኘው ያህል አልሆነም፤ ትንሽ ብቻ ከፍ አለ። "ለዚህች ነው ያን ሁሉ አመጽ ያስነሳችሁት?" ብሎ በስብሰባ ላይ አፈጠጠባቸው።

የቀድሞዋ ኃላፊ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አዎ፣ ለዚህች ነው። አንድም ልጅ ሳንጥል ያገኘናት ናት። ለከርሞም የምንሠራው እንዲሁ ነው።"

ጋሽ መብረቅ አጨበጨቡ። ሌሎቹም ተከተሉ።