ኖራ የተቀባው ሰፈር
ዘጋቢ ፊልሙ ገና ከመነሻው ተበላሸ። ስለ ሰፈር መታደስ ይተርካል ቢባልም፣ አሮጌው ሰፈር ከአዲሱ አምሮ ቁጭ አለ። ካሜራ ሊመጣ ነው ሲባል የኤዲተሯ አክስት ጎረቤቱን አስተባብረው ግድግዳውን ሁሉ ኖራ አስቀብተውት ነበር።

«እትዬ ጉድ ሠሩኝ» አለ ዳይሬክተሩ ከኤዲተሯ ጋር የተቀረጸውን እያየ። «በይ አጥቁሪው፤ ጎስቆል ይበል።»

ኤዲተሯ ምስሉን አጠቆረችው። ስክሪኑ ላይ አክስቷ ኖራ የነካው ሻሻቸውን እያስተካከሉ ካሜራማኑን፣ «ልጄ፣ ደህና አድርገህ አንሳን» ይሉታል። ያ የአክስቷ ደጃፍ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጅ ሳለች ኳስ እየጠለዘች ስታቆሽሸው አክስቷ ይቆጧት የነበረው ግድግዳ የቀረው እዚህ ስክሪን ላይ ብቻ ነው።

የምስሉን ብርሃን ወደ ነበረበት መለሰችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ለፍተው ያሳመሩትን እኔ አላጎሳቁልም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«እንጀራሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።