አምስት ደቂቃ ይፍላ

ረቡዕ ጠዋት የምርመራውን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። የእህቴ ረድፍ አሁንም ባዶ ነው። ከጎኑ ያለው፣ ለማነጻጸሪያ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣልን ናሙና፣ ጥቁር መስመሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ስለዚህ አንቲቦዲው ሠርቷል፣ እኔም ሠርቻለሁ፤ የጠፋው የእህቴ ብቻ ነው። ሰኞም እንዲሁ ነበር። ፊልሙን ወርውሬ ብሰብረው ደስ ባለኝ፤ ፊልም ደግሞ አይሰበርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ እኔ ከምሠራበት ላቦራቶሪ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ተኝታለች። ዕጢዋ በሁለት መድኃኒት ተሞክሮ አልበገር ብሏል። የቀረው አንድ አዲስ መድኃኒት ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ የሴሉ ሽፋን ላይ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ፈልጎ እሱ ላይ የሚጣበቅ። ፕሮቲኑ ካለ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አለው፤ ከሌለ ውሃ መጠጣት ማለት ነው። አለ ወይም የለም የምለው ደግሞ እኔ ነኝ። አንቲቦዲ የምንለው ጠብታ ከሺህ ፕሮቲን መሀል ያንን አንዱን ብቻ ለይቶ ያውቀዋል። ካገኘው ይይዘዋል፣ ፊልሙ ላይም ጥቁር መስመር ይወጣል። ካላገኘው ባዶ ነው።

ሙከራውን የያዘው ዶክተር ሰኞ ዕለት ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። የሙከራው ሌሎች ቦታዎች በሌላ ሆስፒታል ታካሚዎች ሞልተዋል፤ የቀረው አንድ ነው። መዝገቡ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፕሮቲኑ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይገባል። ከእህቴ በፊት የተመዘገቡት አራት ሰዎች ሁሉ በእኔው ምርመራ «የለም» ስለተባሉ ተራው የእሷ ነው።

«ካለ» አለኝ። «ካለ ብቻ።»

ይህቺ «ካለ» ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እህቴ ወጣሁ። የሂሳብ አስተማሪ ናት። ክንዷ እንደዚያ ቀጥኖ እንኳ የተማሪዎቿን ደብተር አስመጥታ ታርማለች።

«እትዬ፣ ዜሮ ሰጠሽኝ አይደል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ፊትሽ። እኔ እንኳ ለመጨረሻው ሰነፍ ስሙን አስተካክሎ ስለጻፈ ብዬ ሁለት እሰጣለሁ።»

«ማሽኑ አስቸግሮን ነው» ብዬ ዋሸኋት።

«ታዲያ ማሽኑን ተቆጪው። እኔን ለምን ታፈጪብኛለሽ?»

ሳቅኩ። እናታችን ስትሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጫማዋን ያሰርኩላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮረጀች ዕለት በኩርኩም ያልኳት እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም። ለእሷ ብዬ የተውኩት ነገር አይደለም፤ ግን እሷ ስላለች ጎደለኝ ብዬ አላውቅም። አሁን ደግሞ ትንሽ ጠብታ ይዤ ከሞቷ ጋር እየተደራደርኩ ነው፣ ጠብታው ግን ሁለት ጊዜ ፊቱን አዙሮብኛል።

ሐሙስ ጠዋት ላቦራቶሪው መሀል ወገቤን ይዤ ቆምኩ። የቀረው አንቲቦዲ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ነው። ሌላ ቢታዘዝ የሚደርሰው ከወር በኋላ ነው። ያንኑ ደግሜ ብሠራ ያንኑ አገኛለሁ። ብስጭቴን የምወጣበት ሳጣ የአንቲቦዲውን ካርቶን አንስቼ ጨመደድኩት። ከውስጡ ተጣጥፋ ተጣጥፋ ጥፍር የምታህል ወረቀት ወደቀች። አሥራ አራት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለችውን ወረቀት ዘርግቼ አንብቤ አላውቅም። የማውቀውን ምን አነባለሁ እያልኩ ወደ ቅርጫት ነበር የምጥላት።

ከታች፣ ጉንዳን በሚያክል ጽሑፍ፣ ናሙናው እንዳይፈላ ይላል።

እኛ ዘንድ የማይፈላ ነገር የለም። የመጀመሪያው አለቃዬ በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው እስከ ዛሬ አለ፤ «አምስት ደቂቃ ይፍላ» ይላል። እሱ ያፈላ ነበር፣ እኔም አፈላሁ፣ ከእኔ የተማሩትም ያፈላሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ለብዙው ፕሮቲን ልክ ነው፤ ሲፈላ ይፍታታል፣ ፕሮቲኖች በመጠናቸው የሚለዩበት ጄል ውስጥም ሰተት ብሎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን የሴሉን ሽፋን እንደ ክር እየወጣ እየገባ የሚሰፋ፣ ቅባት ውስጥ መኖር የለመደ ፕሮቲን ነው። ሲፈላ እንደ እንቁላል ይረጋል። ከረጋ በኋላ ጄሉ አፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገባም። እኛ ደግሞ አንቲቦዲ ለመቆጠብ ብለን ፕሮቲኑ ከጄሉ ተሻግሮ የሚያርፍበትን ወረቀት ላይኛ ጫፍ ቆርጠን ስለምንጥለው የረጋውን እንኳ አናየውም። ታዲያ የፋብሪካው ናሙና ለምን መስመር አወጣ? ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ነዋ! ሳይፈላ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

ቁጭ አልኩ። ወንበር ያለ መስሎኝ ነበር፤ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ ተነሳሁ። ከእህቴ ዕጢ ከተረፈው ቁራጭ አዲስ ናሙና አዘጋጀሁ፤ አላፈላሁትም። ጄሉ ላይ ትርፍ ረድፍ ነበር። አንድ ምስክር አይበቃም ብዬ፣ ቀድሞ «የለም» ካልኳቸው ከአራቱ መሀል የዕጢው ቁራጭ የተረፈውን የአንድ ልብስ ሰፊ ናሙና ሳላፈላ ከጎኗ ጨመርኩ። ሁለቱም መስመር ካወጡ ጥፋቱ የማፍላት መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። በዚያ ሰዓት ልብስ ሰፊው ለእኔ ሰው አልነበረም፤ ማረጋገጫ ነበር። ከጄሉ ወደ ወረቀቱ ካሻገርኩ በኋላ የመጨረሻዋን የአንቲቦዲ እንጥፍጣፊ ቀላቅዬ አፈሰስኩበት፣ ወረቀቱም ፍሪጅ ውስጥ አደረ።

ዓርብ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፊልሙ ወጣ። የእህቴ መስመር ጥቁር፣ ወፍራም፣ ደንበኛ መስመር ነው። ብቻዬን ጮህኩ። ፊልሙን ሳምኩት፤ ከንፈሬ ላይ የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል መረረኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ከዚያ ወደ ጎን አየሁ። የልብስ ሰፊውም አለ። ከእሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

መዝገቡን ገለጥኩ። አራት ስም፣ አራት «የለም»፣ አራቱም በእኔ እጅ ጽሑፍ። ከሦስቱ ስም ጎን ዶክተሩ የሞቱበትን ቀን ጽፏል። ፕሮቲኑ ነበራቸው? ሁሉም ነበራቸው ይሆናል፣ አንዳቸውም ላይኖራቸው ይችላል። ናሙናቸው አልቋል፤ እስክሞት ድረስ አላውቅም። በአራተኛው ስም ጎን ምንም አልተጻፈም። ልብስ ሰፊው በሕይወት አለ። የተመዘገበውም ከእህቴ ሁለት ወር ቀድሞ ነው።

ፊልሙን ጋውኔ ኪስ ከትቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ማን ያውቃል? ማንም። የልብስ ሰፊውን ናሙና ጨምሪ ያለኝ አልነበረም። እሱ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገብቷል፤ የማያውቀው ነገር አይጎዳውም። እግዜር ይርዳኝ ብዬ ለመጸለይ ሞከርኩ፤ ነገር ግን እንዳያየኝ የምፈልገው እሱው ሆኖ አገኘሁት። ፊቴን ታጥቤ፣ መዝገቡን አንስቼ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

«አለ!» አልኩት በሩን ሳልዘጋ። «አፍልተነው ነው እንጂ አለ።» የማፍላቱን ነገር በጥድፊያ አስረዳሁት። ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሳ። ፊቱ ሲፈካ አየሁት።

«ይሄ ሁለተኛውስ የማን ነው?»

«የእሷው ነው። ደግሜ ነው።»

አልተንተባተብኩም። እሱም አመነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ዋሽቼው አላውቅማ። እስክሪብቶውን አንስቶ መዝገቡ ላይ፣ ለቀረው ቦታ የእህቴን ስም መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፈ፣ ሁለተኛዋን ጻፈ። ከእጁ በላይ፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ እነዚያ አራት «የለም»ዎች ተደርድረዋል። እነሱን የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። ሳላውቅ የጻፍኩትን እንኳ እንዴት እንደምሸከመው ግራ ገብቶኛል፤ የልብስ ሰፊውን አሁን እያወቅኩ ልደግመው ነው።

«ዋሸሁ» አልኩ። «የልብስ ሰፊው ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እስከ ስድስት ሰዓት መጥቶ ካልፈረመ ቦታው የእህትሽ ነው። ደውዪለት።»

«እኔ?»

«የለም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ሌላ ቦታ አይጠየቅም? አንድ ብቻ?»

«እጠይቃለሁ። መልሱ ግን ወር ይፈጃል።»

እህቴ ወር እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን።

ደወልኩ። ስልኩ ጠራ። አታንሳው አልኩ በልቤ። ከቤት ውጣ፣ ተኛ፣ ስልክህ ይጥፋ፣ ሙት። አዎ፣ እሱንም አሰብኩት፤ አልክድም። አራት ጊዜ ጠራ። አምስት። እጄ ስልኩን ሊዘጋ ሄደ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ከበስተኋላው የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ለምን እንደደወልኩ ስነግረው መኪናው ቆመ።

«እህቴ፣ አሁንም ተሳስተው እንዳይሆን» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ የለም ብለውኝ ነበር።»

«የተሳሳትኩት ያን ጊዜ ነው። አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አለ። ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረሱ።»

ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም» እያለ መረቀኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እያለከለከ መጣና ፈረመ።

ወደ እህቴ ክፍል ስገባ አንድ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። ዛሬ መዝገቡ እንደሚዘጋ ታውቃለች። ዓይኗን ከፊቴ ላይ አልነቀለችም።

«አለ ወይስ የለም?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

ደብተሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደተነሳች አላውቅም፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «ብዬሽ ነበር! ብዬሽ ነበር እኮ፣ እትዬ!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። በስስ ልብሷ ውስጥ የጎኗ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። እንድትለቀኝ አልፈለግኩም፤ ከለቀቀችኝ የቀረውን መንገር ነበረብኝ።