የድስቱ ካባ

የወልደጻድቅ ሙያ ቆርቆሮ እንጂ ውሸት አልነበረም። አሰላ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ ኩራዝ ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያ ይጠግናል፣ ለጣሪያ አሸንዳ ይቆርጣል፤ እሱ የበየደው ነገር አያፈስም። ውሸት ሲሞክር ግን ጆሮው ይቀላል፣ እጁ የሚይዘው ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ አሳምሮ ዋሸ፤ ያውም ለሚስቱ፣ ያውም በሁዳዴ መግቢያ። ምነው ያን ቀን ጆሮው ቀልቶ ባጋለጠው!

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። ሚስቱ አባይነሽ ሳል ይዟት ከረመ። የአሰላ ክረምት መቼም የታወቀ ነው፤ ጭላሎ ፊቱን በጉም ሸፍኖ ይቀመጣል፣ እንጨቱ ሁሉ ይረጥባል፣ የረጠበ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሚነደው የሚጨሰው ይበልጣል። አባይነሽ ምድጃው ላይ አጎንብሳ እፍ ስትል ሳሉ ይነሣባታል። አንዴ ከተነሣ እዚያው ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታቅፋ እስኪያልፍላት መጠበቅ ነው። ሐኪም ቤት ወሰዳት። ድሬሰሩ ጀርባዋን አዳምጦ፣ "ይቺ ሴትዮ ጢስ አጠገብ እንዳትደርስ። ሳንባዋ እንዲህ ያለ ሌላ ክረምት አይችልም" አለ። የተናገረው ለባልየው ነበር፤ እሷ ግን ሰምታለች።

"ጢስ ሳይነካው ወጥ የሚሠራ ሰው ካለ ያሳየኝ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እንጀራውን ጎረቤቷ ፋናዬ እንድትጋግርላት አባይነሽ በስንት ልመና እሺ አለች። ወጡን ግን ለማንም አልሰጥም አለች። ሠራተኛ እናምጣ ቢላት፣ "በቁሜ ጓዳዬን ልታስረክብብኝ ነው?" ብላ አኮረፈች። ወልደጻድቅም የድሬሰሩን ቃል እንደ እሾህ ይዞ ሱቁ ገባ። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድ ሩቅ ነው፤ እሷ ከሄደች እሱ ማታ በሩን ከፍቶ የሚገባው ማን ጋ ነው?

መላውን ያገኘው ቆዳ ነጋዴው አብዶ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ብርዳም ጠዋት የተሰበረ ሚዛን ሊጠግንለት ሄዶ፣ ጣቶቹ አልታዘዝ ቢሉት ጥግ ከተከመረው የበግ ጠጉር ውስጥ እጁን ሰደደ። ትንሽ ቆይቶ ሲያወጣው ሞቋል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፤ የገዛ እጁ ሙቀት ነው የሚሄድበት አጥቶ የተመለሰለት። "አብዶ፣ ከዚህ ጥቂት ስጠኝ" አለው። አብዶም ሳይጠይቅ አንድ ጆንያ ሞላለት።

ከዚያ በኋላ ሱቁ በሩን ዘግቶ የሚውልበት ቀን በዛ። ከላምባ ቆርቆሮ ሁለት ጣሳ ሠራ፤ አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠበብ ያለ። ጠባቡን ሰፊው ውስጥ አቆመና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በበግ ጠጉር ጠቅጥቆ አፉን ዙሪያውን በየደው። ክዳኑንም እንዲሁ ድርብ አደረገው። አንድ የአሉሚኒየም ድስት ገዛና ውስጡ ልክክ ብሎ ሲገባለት ብቻውን ሳቀ። ድስቱን አባይነሽ ፊት ሲያስቀምጠው፣ "ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ድስቱን ካባ አለበስከው?" አለችው። ስሙም በዚያው ካባ ሆኖ ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት ወልደጻድቅ ራሱ ደጅ እሳት ያነዳል። እሷ ቤት ውስጥ ሆና የከታተፈችውን፣ የለካችውን፣ የቀመመችውን ድስት ተቀብሎ ይጥዳል፤ ጥቂት እንደተንተከተከ አውርዶ ካባው ውስጥ ይከትተዋል፣ ክዳኑን ይደፋበታል፣ ሱቁ ይሄዳል። ለምሳ ሲመለስ ባቄላው እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ እንፋሎቱ ፊት እየገረፈ ይጠብቀዋል። ለሳምንት የማይበቃው ሸክም እንጨት ወር ይከርም ጀመር። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። "ወልዴ፣ ሽንኩርቱን ደግሞ መቼ ነው የምትከትፈው?" ይሉታል በአጥር በኩል። እሱ እቴ! እፍ እያለ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ በልቡ ጮቤ ይረግጣል። የአባይነሽ ሳል ጠፍቷልና። ጥጧን እየፈተለች ስታንጎራጉር ከደጅ ሲሰማት፣ እንዲያ ደስ ያለው በሠርጉም ቀን አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁዳዴ መጣ።

አባይነሽ በፍስክ ዕቃና በጾም ዕቃ መካከል ድንበር ያላት ሴት ናት። ቅቤ የነካው ማንኪያ ሳይቀር ቅበላ ሲያልቅ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፋሲካ አይወርድም። ድስቱንም ለጾም ብላ ሌላ አስገዝታዋለች። አሁን ዓይኗ ካባው ላይ አረፈ።

"ወልዴ፣ የዚህን ሆድ ለሁዳዴ ፍታልኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትለኛለህ? የበግ ገላ ነው እኮ። እንፋሎቱ በክዳኑ ስፌት እየገባ ተመልሶ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። ያውም ክርስቲያን ባርኮ ያላረደው በግ። ገለባ ሙላበት። ካልሆነም ግድ የለም፣ በሸክላዬ እሠራለሁ።"

ገለባ ሞላበት። የገብስ ገለባ ጠቅጥቆ ክክ ጥደው ሞከሩት፤ እኩለ ቀን ላይ ቢከፍቱት ክኩ ጥርስ ይሰብራል፣ ውሃው ለብ ብሎ ቀርቷል። ፈታና እንደገና ሞላው፤ አሁንም ያው ነው፣ ጭራሽ ገለባው እርጥበት ስቦ ሸተተ። ጾሙ ደግሞ በሩ ላይ ደርሷል። ወልደጻድቅ ከሱቅ ሲመለስ አባይነሽ የሸክላ ድስቷን አውርዳ በአመድ ስታሽ አገኛት። ያን ድስት ሲያይ የድሬሰሩ ቃል ጆሮው ላይ ጮኸ። ካባውን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ተመለሰና ገለባውን አራግፎ የበግ ጠጉሩን መልሶ ጠቀጠቀው፤ ከዚህ በፊት በይዶት በማያውቀው ጥንቃቄ በየደው።

"በምን ሞላኸው?" አለችው።

"ገለባ ነው።"

"የገብስ?"

"የገብስ። አጥብቄ ጠቀጠቅኩት።"

ጆሮው አልቀላም። አባይነሽ ፊቱን እንኳ አላየችም። "አንተ ካልክማ" አለችና የሸክላ ድስቷን ወደ ቆጡ መለሰችው።

ጾሙ ለሷ ደስ ብሎ ገባ። ሳል የለ፣ ጢስ የለ። ከቅዳሴ መልስ የሚሠራ ባቄላ እንደ ጉድ ለስልሶ ይጠብቃታል፤ ለፋናዬ ትልካለች፣ ለታመመ ሰው ትልካለች። አንድ ቀን የነፍስ አባቷን መምሬ ገብረ መድህንን ጋብዛ ከካባው ውስጥ ትኩስ ክክ አወጣችላቸው። መምሬ ጣታቸውን ሊልሱ ምንም አልቀራቸው። "እሳት ሳይኖር የሚፈላ! እጅህን ይባርከው" አሉት ወልደጻድቅን፣ መስቀላቸውንም ካባው ላይ አሳረፉ። ወልደጻድቅ ግን ሚስቱ ፍታልኝ ብላ የለመነችው ነገር የነካውን ወጥ እየበላ እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም ደረቷን አየ፤ በሰላም ይወጣል፣ በሰላም ይገባል። ቢያንስ እስከ ፋሲካ ብሎ ዝም አለ።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አብዶ እየሳቀ ቤታቸው መጣ።

"ፋጡ ቅናት ገደላት" አለ፣ ሚስቱን ነው። "የአባይነሽ ዓይነት ካላሠራህልኝ ቤት እንዳትገባ ብላኛለች። ጠጉሩን እኔ አመጣለሁ፤ ልክ ላንተ እንደሰጠሁህ ዓይነት…"

ወልደጻድቅ በዓይኑ ጠቀሰው። አብዶ ብልህ ነጋዴ ነው፤ አንድ ነገር እንዳለ ገባው። የሰው ቤት እንዳያፈርስ ብሎ፣ ደግ ሰው ነውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኦሮምኛ ዞረ።

"ሪፌንሳ ሆላ ሳና ኢቲ ሂን ሂምኔ?" አለው። የዚያን የበግ ጠጉር ነገር አልነገርካትም ወይ ማለቱ ነው።

አብዶ የማያውቀው ነገር ነበር። አባይነሽ ዲክሲስ ተወልዳ ያደገች፣ ከአማርኛዋ እኩል በኦሮምኛ አፏን የፈታች ሴት ናት። ይህን የሚያውቀው ወልደጻድቅ የአብዶን አፍ በእጁ ሊይዘው ምንም አልቀረው። ግን ቃሉ ወጥቶ አልቋል።

አባይነሽ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች።

"ሂን ሂምኔ" አለች፣ አብዶን እያየች። አልነገረኝም።

አብዶ ወደ በሩ እያፈገፈገ፣ "እትዬ አባይነሽ፣ አፉ በሉኝ" ብሎ ወጣ። አባይነሽ ድስቱን ከካባው አውጥታ ወጡን አጥር ሥር ደፋችው። አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፤ ደግማ ደጋግማ። ከዚያ የሸክላ ድስቷን ከቆጥ አወረደች። ወልደጻድቅ ቢሰድቡት፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

"ለአንቺ ብዬ ነው" አላት። "ሳልሽን ፈርቼ ነው፣ አባይነሽ።"

"አውቃለሁ" አለችው።

መምሬ ገብረ መድህን ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። "ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ ልጄ። ጾምሽ አልተሻረም። እኔም በልቼ የለ?" አሉና ንስሐውን በወልደጻድቅ ላይ አደረጉት፤ ስግደት ሰጡት። በደስታ ሰገደ። ጉልበቱ ሲያብጥ ሒሳቡ የተዘጋ መሰለው። አባይነሽ ግን በየጠዋቱ ምድጃዋ ላይ አጎንብሳ እፍ ትላለች። የበልጉ ዝናብ እንጨቱን አርጥቦታል። ሳሉ ከሄደበት ተመለሰ። እሳቱን እኔ ላንድድልሽ ሲላት፣ "ተወው፣ ሱቅህ ይረፍድብሃል" ትለዋለች፣ በደግ አንደበት። ደግነቷ ነው ልቡን የሚያርደው።

ፋሲካ ሲመጣ ወደ ካባው ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። በግ ታረደ፣ ቅቤው ወረደ፣ ጾሙ ተፈታ፤ ካባው ግን ጥግ ላይ እንደቆመ ቀረ። አሁን እኮ ፍስክ ነው፣ ጠጉር ቢሆንስ ምን አለ? ሊላት አሰበና ተወው። ጉዳዩ ጠጉሩ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ስለዚህ እንደገና ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠ። የገብሱን ገለባ ፀሐይ ላይ አሰጥቶ እስኪንኮሻኮሽ አደረቀው። የውጪውን ጣሳ አፍርሶ ክፍተቱን በአንድ ጋት አሰፋው፤ ክዳኑንም እንዲሁ አወፈረው። አንድ ጠዋት የፈላ ውሃ ሞላበትና ዘጋው፤ ከሰዓት በኋላ ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ገረፈው። ወልደጻድቅ ዱካው ላይ ቁጭ አለ። አንድ ጋት ነበር የጎደለው። ያኔ ጥቂት ቢታገስ፣ ጥቂት ቢደክም፣ ገለባውም ይሆን ነበር፤ ቃሉም እውነት ይሆን ነበር። ሱቁ ውስጥ ብቻውን አለቀሰ።

በማግስቱ ካባውን ሳይበይደው፣ ገለባውን በጆንያ ይዞ ቤት መጣ። "ነይ" አላት፣ "ከፊትሽ ልሙላው። በእጅሽ ጠቅጥቂው፣ ከዚያ እበይደዋለሁ።"

አባይነሽ ከምድጃው ቀና አለች። ዓይኗ በጢስ ቀልቷል።

"ባሌን ቆሜ ልጠብቅ?" አለችው። "የሰው ዘበኛ መሆን አልችልም፣ ወልዴ።"

ብቻውን ሞላው፣ ብቻውን በየደው። ደጅ እሳት አንድዶ ውሃ አፈላና ድስቱን ከተተበት፤ ክዳኑን ደፍቶ ከአጠገቧ አስቀመጠው። ሱቅ አልሄደም። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ስታነድ፣ ስታስል፣ ጉልበቷን ታቅፋ ስትጠብቅ፣ ተነሥታ መልሳ ስታነድ እያየ ዋለ። ፀሐይ ወደ ጭላሎ ጀርባ ስታዘነብል ገባና ክዳኑን አነሣ። እንፋሎቱ ወጣ። ጣቱን ቢነክር አቃጠለው።

"እዪ" አላት። "አሁንም ትኩስ ነው።"

አባይነሽ እንፋሎቱን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"ያን ጊዜም ትኩስ ነበር" አለች።

ወደ ምድጃዋ ዞራ አጎነበሰችና እፍ አለች። ሳሉም ተነሣ።